ሱቅ ከፍቶ መንገድ መዝጋት

ባለፈው ወር አንድ የማውቃቸው ቡና ላኪ ቢሯቸው አስጠሩኝና ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዙረው «እስቲ አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ ትል የለ፣ ይህችን ነገር እያት» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው የድርጅታቸው ድረ ገጽ ነው። ሲያዩት ያምራል። ቀይ የቡና ፍሬ በመዳፏ የያዘች ሴት ስክሪኑን ሞልታዋለች፤ ወደ ታች ሲወርዱ ጉም የለበሰ ተራራ ይመጣል፤ ቀጥሎ የድርጅቱ አርማ እየተሽከረከረ ብቅ ይላል። ሠሪዎቹ ሥራውን ካስረከቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ ደህና ገንዘብም ተከፍሏቸዋል። የሰውየው ጥያቄ አጭር ነበር። «በዚህ ሁሉ ጊዜ በዚህ በኩል የመጣ አንድ ገዥ የለም። ዱባይ ያለው ወንድሜ ስለ ቡና ጉግል ላይ ሲፈልግ ትናንት ወደ ንግዱ የገቡት ሁሉ ይመጡለታል፤ እኔ የለሁም። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ጋሼ፣ ቡናዎ የት አለ?» አልኳቸው።

«እዚሁ ነዋ» ብለው ከሥር ያለውን የኢትዮጵያ ካርታ አሳዩኝ። ካርታው ላይ ጉጂን ሲነኩ የጉጂ ቡና ይወጣል፤ ሊሙን ሲነኩ የሊሙ፤ ሐረርን ሲነኩ የሐረር። እያንዳንዱ ገጽ በደንብ ተጽፏል። የመሬቱ ከፍታ፣ ቡናው የታጠበ ይሁን ደረቅ፣ የመታጠቢያ ጣቢያው ስም፣ የቅምሻው ውጤት ሁሉ አለ። የውጭ ገዥ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከላይ ጥግ ላይ በሦስት መስመር ምልክት ሥር የተደበቀውን ሜኑ ስንከፍተው የተጻፉት አራት ቃላት ብቻ ናቸው፦ «ታሪካችን»፣ «ራዕያችን»፣ «ጉዟችን»፣ «ያግኙን»። ቡና የሚል ቃል የለም። ቡና ላኪ ድርጅት ነው እኮ!

ከዚያ በኋላ ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት ነጥብና የድረ ገጹን አድራሻ አያይዘን ጻፍን። ይህ ጉግል ከአንድ ድረ ገጽ ውስጥ የትኞቹን ገጾች መዝግቦ እንደያዘ በግምት የሚያሳይ ቀላል ዘዴ ነው፤ አንባቢም በስልኩ ሊሞክረው ይችላል። አምስት ገጾች መጡ። የፊት ገጹና አራቱ የሜኑ ገጾች። ከቡናዎቹ አንድም አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት የሰውየውን ገመና ለማውጣት አይደለም። የኒህ ነጋዴ ችግር የብዙዎች ችግር ስለሆነ ነው። በከተማችን ድረ ገጽ ሲሠራ ባለቤቱ የሚጠየቀው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፎቶግራፉና ስለ ዋጋው ነው። ሜኑው ላይ ምን ይጻፍ፣ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር ይገናኝ የሚለው ለሠሪው የሚተው ጥቃቅን ነገር ተደርጎ ይታያል። በበኩሌ ሜኑ የንግድ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ። የሱቁን ቦታ ለአናጢው አስመርጦ የሚከራይ ነጋዴ አላየሁም።

መርካቶን እናስብ። በርበሬ የፈለገ ሰው በርበሬ ተራ ይሄዳል። ጥበብ የፈለገ ሸማ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ጣሳ የፈለገ ምናለሽ ተራ። ይህን «ተራ» የሚባል ነገር ማንም ለጌጥ አላወጣውም። የገዥውን የፍለጋ ድካም የሚቀንስ ሥርዓት ነው። ጆርጅ ስቲግለር የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፉ ገዥ ዋጋንና ሻጭን ለማወቅ የሚያጠፋው ጊዜና ድካም ራሱ ወጪ መሆኑን፣ ገዥውም ይህ ወጪ ከሚያገኘው ጥቅም ሲበልጥበት ፍለጋውን እንደሚያቆም አስረድቷል። መርካቶ ይህን የስቲግለርን መጽሔት ሳትጠብቅ ነው ያወቀችው። ድረ ገጽም ተራ ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚፈልጉት ሁለት መሆናቸው ነው። አንዱ ሰው ነው። ሌላው ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ ዞሮ የሚያየው የመፈለጊያ ሞተር ነው።

የመፈለጊያ ሞተር ማለት ደላላ ነው። ገበያውን ቀድሞ ይዞራል፣ ማን ምን እንዳለው በመዝገቡ ይይዛል፣ ገዥ ሲጠይቀው ደግሞ «ይህ ይሻልሃል» ብሎ በቅደም ተከተል ይጠራለታል። የዚህ ደላላ ጉልበት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜህታ ጉግል በፍለጋው ገበያ ሞኖፖሊ መሆኑንና ይህንንም በሕገ ወጥ መንገድ ማስጠበቁን በውሳኔያቸው አስፍረዋል፤ በዚያ ገበያ የነበረው ድርሻም ከመቶ 90 ገደማ መሆኑ በውሳኔው ተጠቅሷል። አንድ ደላላ ይህን ያህል ገበያ ከያዘ የእሱን አረማመድ ማወቅ ግዴታ ይሆናል።

አረማመዱስ እንዴት ነው? ደላላው እጅ የለውም። ያለው እግር ነው፤ የሚሄደውም በተጠረገ መንገድ ብቻ ነው። መንገድ የምለው ሊንክን ነው፤ ማለትም የሚቀጥለው ገጽ አድራሻ በግልጽ የተጻፈበትን ማገናኛ። ዛሬ የጉግል አሳሽ ፕሮግራም ገጹን እንደ እኛ ብራውዘር ከፍቶ ማየት ይችላል። ሆኖም ካርታ አይነካም፣ አዝራር አይጫንም፣ ከዝርዝር መርጦ «ፈልግ» አይልም። የላኪው ቡናዎች ካርታው ሲነካ ብቻ በሚወጡበት ሁኔታ ለሰው ክፍት፣ ለደላላው ግን ግንብ ነበሩ። መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ በሩ የለም።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ፍላሽ በተባለው ቴክኖሎጂ የሚንቀሳቀሱ ሜኑዎች በነገሡበት ዘመን ስንት ድርጅት በዚሁ ተቀጥቷል። አዶቤ ኩባንያ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞ ነገሩ ተቀበረ ቢባልም ልማዱ ግን በሌላ ልብስ ተመልሷል።

ለድረ ገጹ ሠሪዎች ስልክ ደውዬ ጉዳዩን ባነሳ መልሳቸው ፈጣን ነበር፤ «ሳይትማፕ እናስገባለታለን»። ሳይትማፕ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻዎች በሙሉ ዘርዝሮ ለመፈለጊያ ሞተሩ የሚሰጥ ፋይል ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ጀመረው፤ በዓመቱ ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። ጠቃሚ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለደላላ የአድራሻ ዝርዝር መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ደላላው ዕቃው ስንት የሚያወጣ መሆኑን እንዲያምን ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ ራሱ ከፊት ለፊት ያላስቀመጠውን ዕቃ ደላላው ለምን ብሎ ያሞካሸዋል?

ይህ እምነት የሚለካበት ስሌት አለ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ፔጅራንክ የተባለው ዘዴ እያንዳንዱን ሊንክ እንደ ድምፅ ይቆጥረዋል። ክብደት ያለው ገጽ የሚሰጠው ድምፅ ክብደት አለው፤ ያም ክብደት በገጹ ላይ ላሉት ሊንኮች ይከፋፈላል። ሒሳቡን በጣም አቅልለን እንየው። የፊት ገጽዎ 100 ክብደት አለው እንበል። በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ እንደተለመደው 0.85ቱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ የሚከፋፈለው 85 ነው። ሜኑዎ 10 ሊንክ ካለው ለእያንዳንዱ 8.5 ይደርሰዋል። ሜኑዎ 170 ሊንክ ካለው ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ነው። ከ10ሩ ገጾች አንዱ ደግሞ በተራው 10 ገጾችን ከሥሩ ቢይዝ ለእነዚያ የሚደርሳቸው 0.72 ገደማ ይሆናል። አንድ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ክብደቱ እንዲህ ይሟሟል። ጉግል ዛሬ በዚህ ስሌት ብቻ ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሌሎች መመዘኛዎች ተጨምረውበታል፣ ፔጅራንክም ራሱ ተለዋውጧል። ቢሆንም ኩባንያው ዛሬም በደረጃ አሰጣጥ ሥርዓቶቹ መካከል ይዘረዝረዋል።

ከዚህ ስሌት ለነጋዴው የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። የፊት ገጹ ሜኑ እንደ ሱቅ መስኮት ውስን ሀብት ነው። ውስን ሀብትን ለማን እንስጠው የሚለው ደግሞ የእኛ ሙያ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። የአገራችንን ድርጅቶች ድረ ገጽ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል፤ የሥራ አስኪያጁ መልእክት፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የፎቶግራፍ ማኅደር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ካለ፣ «ምርቶች» የሚል የሚመጣው። የሥራ አስኪያጅ መልእክት አይኑር አልልም። ነገር ግን ሐምቡርግ ያለ ቡና ቆይ «የእገሌ ድርጅት እሴቶች» ብሎ ሲፈልግ አይታየኝም።

«ምርቶች» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ችግር ነው። የሜኑው ቃል ለደላላው እንደ ታፔላ ነው። ፔጅና ብሪን በ1998ቱ ጽሑፋቸው ሊንኩ የተጻፈባቸው ቃላት ሊንኩ ስለሚያመለክተው ገጽ ብዙ ጊዜ ከገጹ ከራሱ የተሻለ እንደሚናገሩ ገልጸው፣ ሥርዓታቸውም ይህን እንደሚጠቀምበት ጽፈዋል። «ምርቶች» ወይም «ይህን ይጫኑ» የሚል ታፔላ ምንም አይናገርም፤ «የጉጂ የታጠበ ቡና» የሚለው ግን ገዥው ከሚጽፈው ቃል ጋር ይገጥማል። የቤት ሻጮቻችን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ቤት ፈላጊው የሚጽፈው «የሚሸጥ ቤት ሰሚት» ወይም «ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት» ብሎ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው ሜኑ ግን «የመኖሪያ መፍትሔዎች» ይላል። መፍትሔ የሚፈልግ ሰው ቤት እንደሚፈልግ ለደላላው ማን ይንገረው?

ቤት ካነሳን አይቀር የቋንቋውን ነገር ጠለቅ ብለን ብናየው ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚፈስሰው በዚህ ቀዳዳ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ድረ ገጾቻችን ከላይ ጥግ ላይ «አማርኛ» እና «እንግሊዝኛ» የሚሉ ሁለት አዝራሮች አሏቸው። አማርኛን ሲጫኑ ጽሑፉ ይለወጣል፤ ከላይ ያለው አድራሻ ግን ንቅንቅ አይልም። ድረ ገጹ ምርጫዎን የሚያስታውሰው በእርስዎው ስልክ ላይ በሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ ነው። አሁን ደላላውን ያስቡ። የጉግል አሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ ተነስቶ ይመጣል፤ የቋንቋ ምርጫ አይናገርም፤ ማስታወሻም ከገጽ ገጽ ይዞ አይዞርም፤ አዝራርም እንደማይጫን ከላይ ተናግረናል። ስለዚህ የሚያየው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። በአማርኛ ለማስተርጎም የወጣው ገንዘብ፣ የተደከመበት ሥራ፣ ለደላላው እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር፣ አዲስ አበባ ቤት መግዛት የሚፈልግ ወገናችን በአማርኛ ሲፈልግ ታዲያ ምን ይመጣለታል? የሚመጣለት በአማርኛ የተጻፈና የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ ነው፤ ያም የሻጩ የራሱ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሌላ አሻሻጭ ገጽ ነው። ሻጩ በገዛ ቤቱ ኮሚሽን ይከፍላል። መድኃኒቱ ያን ያህል ውድ አይደለም። ለአማርኛው ገጽ የራሱን አድራሻ መስጠት፣ አዝራሩን ወደ እውነተኛ ሊንክ መለወጥ፣ ሁለቱ ገጾች የአንድ ነገር ሁለት ቋንቋ መሆናቸውን የሚናገረውን ምልክት ኮዱ ውስጥ ማስገባት ነው።

የስልክን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ድረ ገጾችን በስልክ በሚታዩበት መልክ መመዘን እንደሚጀምር አስታወቀ፤ በኦክቶበር 2023 ወደዚያው መዛወሩን መጨረሱን ገለጸ። በኮምፒውተር ላይ 12 ሊንክ ያለው ሜኑ በስልክ ላይ ቦታ ጠበበ ተብሎ ወደ አራት ከተቀነሰ፣ በደላላው ዘንድ የሚቆጠረው አራቱ ነው። በሦስት መስመር ምልክት ሥር መደበቁ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሊንኮቹ ኮዱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ያያቸዋል።

እስካሁን የተናገርኩት መንገድ ስለሌላቸው ነው። መንገድ የበዛባቸውም አሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪው በዝቷል፤ ድረ ገጽ የሚከፍተውም እንዲሁ። አንድ አስመጪ ገዥው በ10 የመኪና ዓይነት፣ በ15 የሥሪት ዓመት፣ በ8 ቀለምና በ6 የዋጋ ቅደም ተከተል እንዲመርጥ ሊንኮች ቢደረድር፣ እያንዳንዱ ጥምረት የራሱን አድራሻ ከያዘ 7,200 ገጽ ይወጣዋል። ግቢው ውስጥ ያለው መኪና 30 ነው። ደላላው ባዶና ተመሳሳይ ክፍሎችን ሲዞር ውሎ ዋናውን ሳያይ ይመለሳል፤ ካየውም የትኛው ዋና እንደሆነ ይጠፋዋል። ለሰው ማጣሪያ መስጠት መልካም ነው፤ ለደላላው ግን የሚጠቅሙት ጥቂቶቹ፣ ለምሳሌ የመኪናው ዓይነት፣ ብቻ ክፍት ሆነው ቢቀሩ ይሻላል።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚያሳዝነው ጥሩ ቦታ ይዞ ሳለ በገዛ እጁ የሚያጣው ነው። ድርጅቱ አዲስ የገበያ ኃላፊ ይቀጥራል፣ ኃላፊው «ድረ ገጹ አርጅቷል» ይላል፣ አዲስ ሜኑ ይሠራል፣ የገጾቹ አድራሻ ሁሉ ይለወጣል። ለዓመታት ሌሎች ድርጅቶችና ጋዜጦች የሰጧቸው ሊንኮች ወደ ባዶ ቦታ ያመለክታሉ፤ ገዥው ሲጫን «404፣ ገጹ አልተገኘም» ይባላል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሱቁን ያዛወረ ሰው በአሮጌው በር ላይ «ወደዚህ ተዛውረናል» ብሎ ስልክ ቁጥር ለጥፎ ነው የሄደው። በድረ ገጽም ይህ ማስታወቂያ አለ፤ 301 የሚባል ቋሚ የማዛወሪያ ትእዛዝ ነው። ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ ገዥውንም ደላላውንም ይወስዳል። አዲስ ሜኑ ሲሠራ ውሉ ላይ ይህች አንዲት መስመር መጻፍ አለባት። ያለ እሷ ቀሪ ክፍያ መክፈል የዋህነት ነው።

በዚህ መሀል ደግሞ «በጉግል አንደኛ አደርግሃለሁ» የሚሉ ባለሙያ ነን ባዮች ብቅ ብቅ ብለዋል። ጉግል ራሱ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ከሚሸጡት ዘዴ አንዱ በገጹ ግርጌ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላትን በሊንክ መደርደር ነው። ሌላው የአንዳንድ ሊንኮችን ክብደት አግዶ ለሌሎቹ ማሻገር ነበር፤ «ኖፎሎው» በተባለው በ2005 በወጣው ምልክት ይሠራ የነበረውን ይህን ጨዋታ ጉግል ስሌቱን በመለወጡ እንደማያዋጣ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቆ ዘጋው። ዛሬም እንደ አዲስ የሚሸጡት አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

አሁን ተቃውሞው ይመጣል። «የእኔ ደንበኛ በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። መርካቶ ውስጥ ለሰፈር ቸርቻሪ የሚያከፋፍል ነጋዴ ድረ ገጽ ባይኖረው አይጎዳም፤ ገንዘቡን ዕቃ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። የማያውቀውን ገዥ የሚጠብቅ ግን ይለያል። ቡና ላኪው፣ ሰሊጥ ላኪው፣ አስጎብኚው፣ ቤት ሻጩ ገዥያቸው ስማቸውን ገና ያልሰማ ሰው ነው። ስማቸውን ያልሰማ ሰው ቴሌግራም ቻናላቸው ውስጥ ሊኖር አይችልም። በተለይ ቡና ላይ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የግብይት አዋጅ ቁጥር 1051 ለቀጥታ ትስስርና ምንጩ ለሚታወቅ ቡና በር ከከፈተ ወዲህ፣ የመታጠቢያ ጣቢያውን ስም ጠርቶ መሸጥ የሚችል ላኪ ያንን ስም ደብቆ መቀመጡ ኪሳራ ነው።

ሌላው ክርክር ጉግል ራሱ እየተለወጠ ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 ጀምሮ በመጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከዚያም በሌሎች አገሮች፣ ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ መልስ ማስቀመጥ ጀምሯል። ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ ሊሄድ ይችላል፤ ይህ ለድረ ገጽ ባለቤቶች መልካም ዜና አይደለም። ነገር ግን በዚያ መልስ ውስጥ እንደ ምንጭ ሊጠቀስ የሚችለው በጉግል መዝገብ ውስጥ ያለ ገጽ ነው። መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ደላላው በእግሩ የደረሰበት ገጽ ነው።

ከሠሪዎቹም ጎን ሆኜ አንድ ቃል ልናገር። የቡና ላኪውን ድረ ገጽ የሠሩት ወጣቶች ሰነፎች አይደሉም። ለነጋዴው «የትኛው ቡና ነው የሚያተርፍልዎት? ገዥዎ ሲደውል መጀመሪያ ምን ብሎ ይጠይቃል?» ብለው አልጠየቁም፤ እሳቸውም አልነገሯቸውም። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ተመልሼ ስሄድ ጋሼ በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ አዲስ ሜኑ ጽፈው ጠበቁኝ። አንደኛ ጉጂ፣ ሁለተኛ ይርጋጨፌ፣ ሦስተኛ ሐረር፣ አራተኛ ሊሙ፣ ቀጥሎ «ናሙና ለማዘዝ»፣ መጨረሻ ላይ «ያግኙን»። ራዕያቸው ወደ ግርጌ ወርዷል። «ሐረርን ለምን ሦስተኛ አደረጉት?» ብላቸው ዘንድሮ በእጃቸው ያለው ጥቂት መሆኑን ነገሩኝ። ካርታውም ይቆይ ብለዋል፤ ልጃቸው ስለምትወደው፤ ግን ከሥሩ የአራቱ ቡናዎች ስም በሊንክ ይጻፍ። ወረቀቱን ለሠሪዎቹ አሳይተዋቸው ተጨማሪ ሥራ ነው ብለው ተጨማሪ ክፍያ ጠይቀዋል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ጊዜ ድረስ በዋጋው አልተስማሙም።